«ስልኬ ጠፋብኝ» ስንል ኢንሹራንሱ የሚሰማው ሌላ ነው

ጥያቄ፦ ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ሁሌ አነባችኋለሁ ስጽፍ ግን የመጀመሪያዬ ነው። የምኖረው አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ነው። ባለፈው መስቀል ከስንት ዓመት በኋላ አገር ቤት ገባሁና ደመራ ቀን ከእህቴ ልጆች ጋር መስቀል አደባባይ ወጣን፣ ግፊያውን ታውቁታላችሁ። ሃብሌን አንገቴ ላይ እንዳይበጥሱብኝ ብዬ አውልቄ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት (ብልጥ ነኝ ብዬ!)። ስንወጣ ቦርሳዬ ከታች በኩል በምላጭ ተቀዷል፣ ስልኬ የለም፣ ሃብሉ የለም፣ 300 ዶላር የለም፣ የቀረልኝ ሊፕስቲክና ሶፍት ብቻ። በማግስቱ ከወንድሜ ጋር ፖሊስ ጣቢያ ሄድን፣ እውነት ለመናገር ጥሩ ሰዎች ነበሩ፣ ቃሌን ተቀብለው ማህተም ያለው ወረቀት ሰጡኝ። እዚህ ስመለስ የሬንተርስ (የተከራይ ንብረት) ኢንሹራንስ እንዳለኝ ትዝ አለኝ፣ አፓርትመንቱ ካላመጣሽ አትገቢም ብሎኝ የገባሁት ነው እንጂ ምን እንደሚሠራም አላውቅም ነበር። ወረቀቱን አንድ የማውቀው ልጅ ተረጎመልኝና ላኩት። አሁን መልስ መጣ፣ ንብረቱ የጠፋው ኢንሹራንሱ ሳይጀምር ነው፣ በዚያ ላይ የጠፋ ዕቃ አንሸፍንም ይላል። እንዴ! እኔ ኢንሹራንሱን የገባሁት 2023 ላይ ነው፣ የተሰረቅኩት 2025 ነው! ላለመክፈል ሆን ብለው ነው አይደል? ጓደኛዬ ደግሞ ተያቸው አዲስ ክሌም (የካሳ ጥያቄ) ክፈቺ፣ እንደውም ላፕቶፕም ነበረኝ በያቸው ትለኛለች። የፖሊሱን ወረቀትና ትርጉሙን አያይዤላችኋለሁ፣ እስቲ እዩልኝ።

መልስ፦ እህቴ እንኳን አንቺን ደህና አደረገሽ፣ ምላጩ ቦርሳው ላይ ማረፉ ራሱ ተመስገን ነው። ወረቀቶቹን አየኋቸው፣ እና እንደምታስቢው የተንኮል ነገር አይመስለኝም፣ አጀስተሩ (የኢንሹራንሱ ጉዳይ መርማሪ) እጁ ላይ የደረሰውን ወረቀት ነው ያነበበው። ችግሩ ያለው ትርጉሙ ላይ ነው።

የፖሊሱ ደብዳቤ «በ16/01/2018 ዓ.ም ከቀኑ 11፡30» ይላል። ለኔና ላንቺ ግልጽ ነው፣ መስከረም 16 ደመራ ቀን አመሻሹ ላይ። ተርጓሚው ልጅ ግን ቁጥሩን እንዳለ ገልብጦ አስቀመጠው፣ ዓ.ም የሚለውን ደግሞ «ኤ.ዲ.» (የፈረንጅ ዓመት) አለው። አሜሪካዊው ሰውዬ ሲያነበው 16 የሚባል ወር ስለሌለ ጃንዋሪ 16 ቀን 2018 ሆነለት፣ ያኔ ደግሞ ኢንሹራንሱ የለሽም። አንቺ በፎርሙ ላይ የሞላሽው ሴፕቴምበር 26 ቀን 2025 ከቀኑ 5፡30 ነው (ትክክል ነሽ፣ የኛ 11፡30 የነሱ 5፡30 ነው)። እንግዲህ በሱ ዓይን ፖሊስ አንድ ነገር ይላል አንቺ ሌላ ትያለሽ፣ ቀኑም ሰዓቱም አይገጥምም። በዚያ ላይ ፖሊስ ስምሽን እስከ አያት ጽፎታል፣ ኢንሹራንሱ ላይ ያለው ያንቺና የአባትሽ ስም ብቻ ነው፣ የእንግሊዝኛ አጻጻፉም በአንድ ፊደል ይለያል። እኔ እሱን ብሆን እኔም እጠራጠር ነበር።

ዋናው ግን ሁለተኛው ነገር ነው። ደብዳቤው «ሞባይል ስልክ፣ የአንገት ሃብልና ገንዘብ እንደጠፋባቸው አመልክተዋል» ነው የሚለው። በኛ አማርኛ ሌባ ወስዶትም «ጠፋብኝ» ነው የምንለው፣ ልጁ ይህን «ሎስት» (ጥሎት ወይ ረስቶት የቀረ) ብሎ ተረጎመው። ሬንተርስ ኢንሹራንስ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚከፍለው ውሉ ላይ ስማቸው ለተዘረዘረ አደጋዎች ነው፣ እሳት፣ ጭስ፣ የቧንቧ ፍንዳታ፣ ስርቆት እያለ ይሄዳል። ስርቆት አለበት፣ ታክሲ ውስጥ ረስቶ መውረድ ግን የለበትም። ስለዚህ ያቺ አንዲት ቃል ናት የጣለችሽ።

ምን ታደርጊያለሽ፣ በመጀመሪያ አዲስ ክሌም አትክፈቺ። ለመጣልሽ ደብዳቤ በዚያው የክሌም ቁጥር በጽሑፍ መልሺና እንደገና እንዲታይልሽ ጠይቂ፣ በስልክ አይደለም፣ የስልክ ወሬ ማስረጃ አይሆንሽም። ወረቀቱን እንደገና አስተርጉሚ፣ አሁን ግን ሥራው ለሆነ ሰው፣ ሁለቱንም ቋንቋ እንደሚያውቅና ትርጉሙ የተሟላና ትክክል እንደሆነ ጽፎ የሚፈርም ሰው ይሁን፣ ዘመድ አይሁን። የኢትዮጵያውን ቀን እንዳለ ይጻፈውና ጎኑ ላይ የፈረንጁን ያስቀምጥ፣ ሰዓቱንም እንደዚሁ። ከስር ሁለት መስመር ማብራሪያ ትበቃለች፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር 2018 የገባው ሴፕቴምበር 11 ቀን 2025 እንደሆነና ሰዓት የሚቆጠረው ከንጋት 12 ጀምሮ እንደሆነ። እኔም አንዴ የልደት ወረቀት ሳስተረጉም በዚሁ ጣጣ ሰባት ዓመት አርጅቼ ነበር፣ ደግነቱ አልተቀበሉኝም።

«ጠፋ» የሚለውን በተመለከተ፣ ተርጓሚው ደብዳቤው ላይ የሌለ ቃል እንዲጨምር እንዳታደርጊ። ቃልሽን ስትሰጪ ቦርሳዬ በምላጭ ተቀደደ ብለሽ ነግረሻቸው ከሆነ መዝገቡ ላይ አለ ማለት ነው፣ ወንድምሽ እዚያው ጣቢያ ሄዶ ለኢንሹራንስ እንደሆነ ነግሯቸው የስርቆቱ ሁኔታ የተገለጸበት ደብዳቤ ይጠይቅ፣ ውክልና ከጠየቁት ያንን መላክ ነው። አንቺም የሆነውን በራስሽ ቃል ጻፊ፣ ከየት ገባሽ፣ መቼ አወቅሽ፣ ከማን ጋር ነበርሽ። ቦርሳውን ጣልሽው እንዴ? ካልጣልሽው ቅዳዱን ፎቶ አንሺ፣ ከሱ የበለጠ ምስክር የለሽም። አየር መንገዱ የሰጠሽ ቦርዲንግ ፓስ፣ ፓስፖርትሽ ላይ ያለው ማህተም፣ የደመራ ዕለት ከልጆቹ ጋር የተነሳሽው ፎቶ፣ ሁሉም ይግባ። የስልኩ አይ.ኤም.ኢ.አይ (መለያ) ቁጥር የመጣበት ካርቶን ላይ አለ፣ ካርቶኑ ከሌለሽ የስልክ ካምፓኒሽ አካውንት ላይ ይገኛል። (ስልኩ እጃችሁ ላይ ያለ አንባቢዎች አሁኑኑ ኮከብ፣ ሃሽ፣ 06፣ ሃሽ ደውሉና የሚመጣውን ቁጥር የሆነ ቦታ ጻፉት፣ እዚያው ስልኩ ውስጥ አትጻፉት ብቻ።) የሃብሉ ደረሰኝ ከሌለሽ አድርገሽው የተነሳሽበት የሰርግ ወይ የልደት ፎቶ ፈልጊ፣ ግራሙንና ካራቱን የሚያውቅ ወርቅ ቤት ካለ አጽፊ፣ ድሮ የተገዛው ፒያሳ ከሆነ ግን ሱቁ ፈርሶ ወይ ተነስቶ ይሆናል፣ ባለቤቱን በስልክ ማፈላለግ ሊያስፈልግሽ ነው።

ስለ ብሩ ደግሞ ከአሁኑ ልንገርሽ፣ ኋላ እንዳትበሳጪ። የተለመደው ውል ላይ ለተሰረቀ ጌጣጌጥ ጣሪያው 1,500 ዶላር ነው፣ ለጥሬ ገንዘብ 200። ሃብሉ 2,200 ቢያወጣም 1,500 ነው፣ 300ው ዶላርም 200 ነው። ስልኩ 900 ነው ብንል አንድ ላይ 2,600 ይሆናል፣ ዲዳክቲብልሽ (ከራስሽ ኪስ የምትሸፍኚው) 500 ከሆነ እሱ ተቀንሶ 2,100። ውልሽ «አክቹዋል ካሽ ቫልዩ» የሚል ከሆነ የስልኩን የአሮጌ ዋጋ ነው የሚሰጡሽ፣ «ሪፕሌስመንት ኮስት» ካለ በመጀመሪያ የአሮጌውን ይሰጡሽና አዲስ ገዝተሽ ደረሰኝ ስትልኪ ልዩነቱን ይጨምሩልሻል። ያንቺን ውል አልላክሽልኝም ስለዚህ ቁጥሮቹን አንቺው ገልጠሽ እዪ። ለወደፊቱ ወርቅ ያላት ሴት ዕቃውን ለብቻው አስመዝግባ ትንሽ ጨምራ ብትከፍል ይሻላል፣ እኛ ደግሞ ወርቅ የሌላት ሴት የለንም።

የጓደኛሽን ምክር በሚመለከት፣ ትወድሽ ይሆናል ግን እንዳትሰሚያት። ፖሊሱ ጋ ስልክ፣ ሃብልና ገንዘብ ብለሽ አስመዝግበሻል፣ አሁን ላፕቶፕ ብትጨምሪ ዝርዝሩ አይገጥምም፣ ውሉ ላይ ደግሞ የዋሸ ሰው እውነተኛውንም ያጣል የሚል አንቀጽ አለ። ከዚያ አልፎ ወንጀል ነው፣ የመኖሪያ ወረቀቱ በሂደት ላይ ላለ ሰው ደግሞ ባልነካሁት የሚያሰኝ ዓይነት ወንጀል።

ይህን ሁሉ አድርገሽ አሁንም እምቢ ካሉ ቨርጂኒያ ስላለሽ ለስቴት ኮርፖሬሽን ኮሚሽን የኢንሹራንስ ቢሮ አቤቱታ ማስገባት ትችያለሽ፣ አያስከፍልም።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ ዲሲ ዩ ስትሪት ላይ መኪና አቁሜ እራት በልቼ ስመለስ መስኮቱ ተሰብሮ የላፕቶፕ ቦርሳዬ ተወስዷል። የመኪናዬ ኢንሹራንስ ፉል ነው፣ ላፕቶፑን አንከፍልም አሉኝ። ፖሊስ ጋ ለማመልከት ደግሞ እንግሊዝኛዬ እንደምንም ነው፣ ሰፈሬ ያለው ጣቢያ ብሄድ ይሻላል?

መልስ፦ አባቴ፣ ሰፈርዎ ያለው ጣቢያ ሜሪላንድ ነው፣ ስርቆቱ የተፈጸመው ዲሲ ስለሆነ የሚመዘግብልዎት የዲሲ ፖሊስ ነው። ከመኪና ውስጥ የተሰረቀን ዕቃ በኢንተርኔት ማስመዝገብ ይቻላል፣ ሌባውን ካላዩትና ነገሩ አሁን እየተፈጸመ ካልሆነ ማለት ነው። ሲጨርሱ «ሲ.ሲ.ኤን» የሚሉት ቁጥር ይሰጥዎታል፣ ኢንሹራንሱ የሚጠይቅዎት እሱን ነው፣ የሆነ ቦታ ይጻፉት። በአካል ወይም በስልክ ከሆነ ደግሞ አስተርጓሚ ይጠይቁ፣ ሼም የለውም፣ ዲሲ ከ2004 ጀምሮ የቋንቋ አገልግሎት ሕግ አላት፣ አማርኛም በደንብ ከሚታወቁት ቋንቋዎች አንዱ ነው፣ አይከፍሉበትም። ልጅዎን ሥራ አስፈትተው ይዘው መሄድ የለብዎትም።

ላፕቶፑን በተመለከተ የመኪናው ኢንሹራንስ እውነቱን ነው። ኮምፕሪሄንሲቭ (ከግጭት ውጪ መኪናው ላይ የሚደርስ ጉዳትን የሚሸፍነው) ያለው ሰው መስታወቱን ያሠራለታል፣ ውስጥ የነበረው ዕቃ ግን የቤት ወይም የሬንተርስ ኢንሹራንስ ጉዳይ ነው፣ ዕቃው ቤት ውስጥ ባይሰረቅም ይሸፍናል። ስለዚህ አንድ የፖሊስ ቁጥር ይዘው ሁለት ቦታ ነው የሚያመለክቱት። መስታወቱን ከማሠራትዎ በፊት ፎቶ አንስተዋል አይደል?

ጥያቄ፦ ከደባሌ ጋር ነው የምኖረው፣ ሬንተርስ ያላት እሷ ናት። ቤት ተሰብሮ የኔም ዕቃ ተሰርቋል፣ በሷ ክሌም ላይ መግባት እችላለሁ?

መልስ፦ ስምሽ ውሉ ላይ ከሌለ አትችይም። ውሉ የሚሸፍነው ውሉን የገባችውንና አብረዋት የሚኖሩ ዘመዶቿን ነው፣ «እንደ እህቴ ናት» ማለቷ ለኢንሹራንሱ ዝምድና አይሆንም። ያንቺን ዕቃ የኔ ነው ብላ እንድታስመዘግብ ደግሞ እንዳትጠይቂያት። ፖሊሱ ጋ ግን የተሰረቀብሽን ሁሉ ለብቻ በስምሽ አስመዝግቢ፣ ዕቃው አንድ ቀን ቢያዝ ያንቺ መሆኑን የምታሳዪው በዚያ ነው።