መንጋጋዬ ሲስተካከል መገጣጠሚያው ከቦታው ይወጣል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ22 ዓመት ልጅ ነኝ፤ የምጽፍልዎ ከሐዋሳ ነው። የታችኛው መንጋጋዬ ወደ ኋላ የገባ ስለሆነ ብሬስ (የጥርስ ማስተካከያ ሽቦ) ካሰርኩ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖኛል። አሁን ሐኪሜ መንጋጋሽ በቀዶ ጥገና ወደ ፊት መምጣት አለበት ብሎኛል። ግን አፌን ስከፍት በግራ ጆሮዬ በኩል ቀጭ ይላል። ቆሎ ስበላማ ይብሳል። አክስቴ "መገጣጠሚያሽ ከቦታው ወጥቶ አፍሽ እንደተጣመመ ይቀራል" ብላ አስፈራራችኝ። እውነት ነው? ወይስ ቀዶ ጥገናው ቀጭ ማለቱንም ያድንልኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ አክስትሽን አትቀየሚያት። ያነሳችው ነገር እኛም ቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥ ከምንም በላይ የምንጠነቀቅለት ነው።

መጀመሪያ ቦታውን እናግኘው። ጣትሽን ከጆሮሽ ቀዳዳ ፊት ለፊት አድርጊና አፍሽን ክፈቺ፣ ዝጊ። ከጣትሽ ሥር ሲንቀሳቀስ የሚሰማሽ የመንጋጋሽ ራስ ነው። የሚገባበት ጉድጓድ ደግሞ ከራስ ቅልሽ ሥር ነው። ሙቀጫ ተገልብጦ ዘነዘናው ከታች ሲገባበት አስቢው። በመሃላቸው እንደ ትራስ የምታገለግል ልም አጥንት አለች። ቀጭ የሚለው አብዛኛውን ጊዜ እሷ ከቦታዋ ሸርተት ብላ ቆይታ፣ አፍ ሲከፈት ስትመለስ ነው።

ላንቺ ዓይነቱ ችግር በብዛት የሚሠራው ትራውነርና ኦብቬገሰር የተባሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1957 ያስተዋወቁት፣ ሌሎች ደግሞ ያሻሻሉት ቀዶ ጥገና ነው። በአፍ ውስጥ ገብተን መንጋጋውን በግራም በቀኝም፣ ከኋለኞቹ ጥርሶች አካባቢ እንሰነጥቀዋለን። ጥርስ ያለበት ክፍል ወደ ፊት ይመጣል። የመንጋጋውን ራስ የያዘው ክፍል ግን ጉድጓዱ ውስጥ መቆየት አለበት። የላይና የታች ጥርሶች በሽቦ ይታሰራሉ፤ ከዚያ ሁለቱ አጥንቶች በትናንሽ የቲታኒየም ሳህኖችና ብሎኖች ይያያዛሉ።

ጭንቁ እዚህ ጋ ነው። የመንጋጋውን ራስ ጉድጓዱ ውስጥ ይዞ የሚያቆየው የሐኪሙ እጅ ነው። አንቺ በጀርባሽ ተኝተሻል፣ ጡንቻሽ በመድኃኒት ላልቷል። ሐኪሙ አብዝቶ ከገፋ ራሱ ወደ ኋላ ይጫናል። እጁ ከላላ ደግሞ ራሱ ከጉድጓዱ ዝቅ እንዳለ ብሎኑ ይጠብቃል። ያኔ ጡንቻዎችሽ ሲመለሱ ራሱን ወደ ላይ ይጎትቱታል። አጥንቱ አንድ ላይ ስለታሰረ ጥርሶቹም አብረው ይሄዳሉ። አገጣጠማቸው ተበላሸ ማለት ነው።

ጀማሪ ሳለሁ ይኼ ገጥሞኛል። ብሎኑን አጥብቄ ጨርሻለሁ፤ ሽቦውን ፈትቼ አገጩን ቀስ አድርጌ ስዘጋው የፊት ጥርሶቹ አልገናኝ አሉ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ሁሉንም ብሎን ፈታን፣ ራሱን እንደገና አስቀመጥን፣ እንደገና አሰርን። ልጁ በደህና ወጣ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሽቦውን ፈትቼ ደጋግሜ ሳላይ ቁስል አልዘጋም።

እውነቱን ልንገርሽ፤ ሥራው ግሩም ሆኖ እንኳ የመንጋጋው ራስ በፊት የነበረበት ቦታ ላይ ልክክ ብሎ አይመለስም። ትንሽ ይዞራል፣ ትንሽ ይጠጋል። ነገሩ በጥቂት ሚሊሜትር ነው። መገጣጠሚያው ይለምደዋል፤ አጥንቱም በወራት ውስጥ ቅርጹን ከአዲሱ አቀማመጥ ጋር ያስማማል። አክስትሽ የፈራችው ዓይነት ከቦታ መውጣት ይኼ አይደለም።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ጥቂት ሰዎች ላይ የመንጋጋው ራስ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ቀስ በቀስ እየተበላ ያንሳል። መንጋጋው ወደ ኋላ ይመለሳል፤ የላይና የታች የፊት ጥርሶች አይገናኙም። ይኼ በይበልጥ የሚታየው ወጣት ሴቶች ላይ ነው፤ በተለይ መንጋጋቸው ብዙ ወደ ፊት የመጣና ቀድሞም የመገጣጠሚያ ችግር የነበረባቸው ላይ። ስለዚህ ያንቺን ቀጭታ ዝም ብዬ አላልፈውም።

ቀጭ ማለቱን ያድንልኛል ወይ? ለዚያ ብለሽ ቀዶ ጥገና አትግቢ። አንዳንዱ ይሻለዋል፣ አንዳንዱ ያው ነው፣ የሚብስበትም አለ።

ለሐኪምሽ ቀጭ እንደሚል ንገሪው። ሕመም አለው? አፍሽ ተቆልፎ ያውቃል? ሦስት ጣትሽ ደርበሽ በፊት ጥርሶችሽ መሃል ይገባል? መገጣጠሚያው በሲቲ፣ ካስፈለገም በኤምአርአይ ይታይ። ብሬስ ከማሰርሽ በፊት የተነሳሽውን ፎቶ ይዘሽ ሂጂ። መንጋጋሽ በእነዚህ ዓመታት ወደ ኋላ እየሸሸ ከሆነ ቀዶ ጥገናው ይቆይ፤ መጀመሪያ ምክንያቱ ይፈለግ።

የታችኛው ከንፈርሽ ለጊዜው ሊደነዝዝ ይችላል፤ አንዳንዴ ድንዛዜው ሙሉ በሙሉ ላይለቅ እንደሚችልም አስቀድመሽ እወቂ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምግብሽ አጥሚትና ሾርባ ነው፤ ቆሎውን ለወራት እርሺው። የላይና የታች ጥርሶችሽን የሚያያይዘውን ላስቲክ እንደታዘዘልሽ አድርጊ። ከነቃሽ በኋላ ባሉት ቀናት የፊት ጥርሶችሽ አልገናኝ ካሉ፣ ወይም አገጭሽ ወደ አንድ ጎን ከሄደ፣ ቀጠሮ አትጠብቂ። በዚያው ቀን ሂጂ።