ሽያጭን፣ ክምችትንና ዕቅድን በአንድ ማጣሪያ ስለመምራት

ጥያቄዎ በአጭሩ ይህ ነው፦ በፓወር ቢአይ (መረጃን በግራፍ በሚያሳይ የሪፖርት ፕሮግራም) በሠሩት ዳሽቦርድ ላይ የሽያጭ፣ የክምችትና የዕቅድ ግራፎች ከሦስት የተለያዩ ሰንጠረዦች ይመጣሉ፤ ቅርንጫፍ ሲመርጡ ግን የሽያጩ ግራፍ ብቻ ይለወጥና ሌሎቹ ባሉበት ይቀራሉ። በሪፖርት ሥራ ላይ በተደጋጋሚ የገጠመኝ ጉዳይ ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ እመልሳለሁ።

ችግሩ ያለው ማጣሪያው በተወሰደበት ቦታ ነው። የቅርንጫፉን ስም ከሽያጭ ሰንጠረዥ አንሥተው ስላይሰር (አንባቢው የሚፈልገውን የሚመርጥበት የማጣሪያ ሳጥን) ላይ ካስቀመጡ፣ ምርጫዎ ከዚያ ሰንጠረዥ አያልፍም። እያንዳንዱ ቅርንጫፍ አንድ ጊዜ ብቻ የሚገኝበት ራሱን የቻለ የቅርንጫፎች ሰንጠረዥ ያዘጋጁ፤ ከሦስቱም ጋር «አንድ ለብዙ» በሆነ ግንኙነት (በቅርንጫፎች ሰንጠረዥ ያለው አንድ ረድፍ በሌላው ሰንጠረዥ ካሉ ብዙ ረድፎች ጋር በሚገናኝበት) ያያይዙት፤ ስላይሰሩንም የግራፎቹን ዘንግም ከእርሱ ይውሰዱ። ማጣሪያ ከ«አንድ» ወገን ወደ «ብዙ» ወገን ስለሚፈስስ አንዱ ምርጫ ለሦስቱም ይደርሳል። በሽያጭ፣ በክምችትና በዕቅድ ሰንጠረዦች ውስጥ የቀሩትን የቅርንጫፍ ዓምዶች ይደብቋቸው፤ አለበለዚያ ነገ ሌላ ባልደረባ ሳያውቅ ይጠቀምባቸዋል። ግንኙነት መጉደሉን የሚያሳብቀው፣ በባር ቻርቱ ላይ ሁሉም ቅርንጫፎች እኩል ቁመት ይዘው ጠቅላላ ድምሩ በየአንዳንዱ ተደግሞ መታየቱ ነው።

አንዳንዶች ማጣሪያው በሁለቱም አቅጣጫ እንዲፈስስ በማድረግ ችግሩን ለማለፍ ይሞክራሉ። እኔ አልመክረውም፤ ሰንጠረዦች ሲበዙ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያደርሰው መንገድ ከአንድ በላይ ይሆንና ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ማስረዳት ያስቸግራል።

ሰንጠረዦቹን የሚያገናኘው ማያያዣ ዓምድ የቅርንጫፉ ስም ሳይሆን ኮዱ ይሁን። ይህ በእኛ አገር መረጃ ላይ በተለይ ያስፈልጋል፤ አንዱ ጸሐፊ «ፀሐይ» ሌላው «ጸሀይ» ብሎ ሲመዘግብ እኛ አንድ ስም እናነባለን፣ ለኮምፒዩተሩ ግን ሁለት የተለያዩ ቅርንጫፎች ናቸው። በቅርንጫፎች ሰንጠረዥ ውስጥ ያልተገኘ ኮድ በስላይሰሩ ላይ ባዶ ምርጫ ሆኖ ስለሚወጣ፣ ባዶ ካዩ ሳይደብቁት ምንጩን ይፈልጉ።

ለቀንም እንዲሁ አንድ የቀን ሰንጠረዥ ያስፈልጋል። ማያያዣው የፈረንጆቹ ቀን ሆኖ፣ የኢትዮጵያ ዓመት፣ ወርና የበጀት ዓመት በተጨማሪ ዓምዶች ይቀመጡ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን ስለሚጀምር የወራቱ ቅደም ተከተል በቁጥር መሰጠት አለበት፤ ለሐምሌ ቁጥር 1፣ ለነሐሴ ቁጥር 2 እየተሰጠ ይቀጥላል፣ ካልሆነ ወራቱ በፊደል ተራ ይደረደራሉ። ጳጉሜንን ከነሐሴ ጋር ማዳመርም ሆነ ለብቻዋ ማሳየት ይቻላል፤ ውሳኔው በዚሁ ሰንጠረዥ ውስጥ አንድ ጊዜ ከተጻፈ ሁሉም ግራፎች ይከተሉታል። ክምችት ግን በቀናት አይደመርም፤ ከተመረጠው ጊዜ የመጨረሻው ቀን ቀሪ ብቻ ይወሰድ።

የመጨረሻው ጥንቃቄ ዕቅድን ይመለከታል። ዕቅድ በወር የሚያዝ ከሆነ በወሩ የመጀመሪያ ቀን ላይ ተመዝግቦ ከቀን ሰንጠረዡ ጋር ይያያዛል። በዚህ ጊዜ አንባቢው አንድ ሳምንት ቢመርጥ፣ ሳምንቱ የወሩን መጀመሪያ ከያዘ የወሩን ሙሉ ዕቅድ፣ ካልያዘ ባዶ ያያል፤ አፈጻጸሙም በሁለቱም በኩል የተሳሳተ ይሆናል። ስለዚህ ወር ብቻ የሚያስመርጥ ስላይሰር ያስቀምጡ፤ የቀን ምርጫ የግድ ከተፈለገ ደግሞ የዕቅዱን ግራፍ ከዚያ ስላይሰር ያላቅቁትና የወር ዕቅድ መሆኑን በርዕሱ ላይ ይጻፉ።