መልስ፦ መድን እያላቸው ለምን ሕክምና ያዘገያሉ?

የገጠር ቻይና አረጋውያን መድን እያላቸው ለምን ሐኪም ቤት አይሄዱም ላልሽው፣ መድኑ ሁሉን ስለማይሸፍን ነው። በ2003 የተጀመረው የገጠር መድን ከ2016 ጀምሮ ከከተማ ነዋሪዎች መድን ጋር ተዋህዷል። ግን ከኪስ የሚወጣው ዛሬም አለ። ከተመዘገቡበት አካባቢ ውጭ ሲታከሙ ደግሞ ብዙ ጊዜ ይብሳል። ልጃቸው ዘንድ ከተማ የገቡ እናት የሚቸገሩት እዚህ ላይ ነው።

ሌላው ምክንያት የሚያግዛቸው ሰው ማጣታቸው ነው። ልጆቹ ለሥራ ርቀዋል፤ የትልልቅ ሆስፒታሎች ቀጠሮ ደግሞ በአብዛኛው በስማርት ስልክ መተግበሪያ ነው የሚያዘው። ቻይና ስማር አንድ አዛውንት ስልካቸውን ለእኔ ለባዕዱ ዘርግተው "አስይዝልኝ" ብለውኛል። አንጀቴን ነው የበሉት።

ለእነዚህ አረጋውያን በምታዘጋጂው መጠይቅ ላይ "ታመው ነበር?" ብቻ እንዳትዪ። የጉልበት ሕመሙን "እርጅና ነው" ብለው ስለሚተዉት "አልታመምኩም" ይሉሻል። እኔ በዚህ የተነሳ መጠይቄን እንደገና ሠርቻለሁ። "ደረጃ መውጣት ያቅትዎታል?" ብለሽ ጠይቂ።