ቋንጣውን ዱቄት ያደረገው ጸጉራም ትል

ጥያቄ፦ «የምጽፈው ከቁንዝላ አካባቢ ነው። ለፍልሰታ እሸጠዋለሁ ብዬ በጆንያ ያስቀመጥኩት የዓሣ ቋንጣ ተበላሸብኝ። ስከፍተው ግማሹ ብናኝ ሆኗል። አጠገቡ የነበረው የበሬ ቆዳ እንኳ ተበሳስቷል። ለእህሉ የምናደርገውን መድኃኒት ብነሰንስበት ይሻል ይሆን?»

መልስ፦ ጋሼ፣ ስለ ትል አንድም ቃል አልጻፉልኝም። ቆዳው ግን ነገረኝ። ሻጋታ ቢሆን ኖሮ ቆዳ አይበሳም፣ ዓሣውንም ዱቄት አያደርገውም። ይህ ደረቅ ሥጋና ቆዳ የሚበላ ጥቁር ጥንዚዛ ሥራ ነው። ጥንዚዛው ቁመቱ 1 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ይበልጥ የሚያጠፋው ግን ልጁ ነው፤ ቡናማ፣ ጸጉር የለበሰ ትል። አንዱን ቋንጣ በአከርካሪው በኩል ሰበር አድርገው ብርሃን ላይ ይዩት። አጥንቱ ሥር ያገኙታል።

የእህሉን መድኃኒት ግን አደራዎን፣ አያስጠጉት! ይህን ነገር በየሄድኩበት አያለሁ፤ በጣም ያሳዝነኛል። ዓሣ ስብ አለው። ስቡ መርዙን ይይዘዋል፣ ቢያጥቡት አይለቅም። እህል ውስጥ የሚጨመረው የነቀዝ ክኒንማ ሰው በሚተኛበት ቤት ከገባ የሚወጣው መርዛም ጋዝ ቤተሰብ ይፈጃል።

የሚሆነው ነገር ጓዳዎ ውስጥ አለ፤ ጨውና በርበሬ። እንደምገምተው ዓሣው ጨው አልነካውም፣ ወይም ላዩን ብቻ ነው የተነሰነሰው። በሚቀጥለው ጊዜ ዓሣው በተያዘበት ቀን ይሰንጥቁትና በደንብ ይጠቡት። ለ10 ኪሎ 1 ኪሎ ጨው ይያዙ። ወፍራሙን ቦታ በቢላ ተልተል አድርገው ጨውን ወደ ውስጥ ይሹት። አምባዛ ከሆነ እጅዎ አይሳሳ፤ ሥጋው ወፍራም ነው፣ ስብም ይበዛዋል። ውኃው እንዲንጠባጠብ ዘንበል ባለ ነገር ላይ ይደር። ጠዋት ከመሬት ከፍ ያለ ቆጥ ላይ ያስጡት፤ ማታ ማታ ጤዛ እንዳያገኘው ያስገቡት። ወፍራሙን ቦታ በአውራ ጣት ሲጫኑት ካልሰረጎደ ደርቋል።

በርበሬው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። እርጥብ ዓሣ ላይ ቢነሰንሱት ዋጋ የለውም። ቋንጣው ደርቆ ሲቀዘቅዝ፣ ሌላ ቅመም ያልገባበት ደረቅ በርበሬ ልም አድርገው አስፈጭተው ለ1 ኪሎ ቋንጣ 3 የሾርባ ማንኪያ ያህል ይሹበት። ጥንዚዛዋ እንቁላሏን የምትጥለው ስንጥቅ ፈልጋ ስለሆነ ስንጥቁንና የጭንቅላቱን ሥር አይዝለሉ። የቡሬው ዛላ ዋጋው ከከበደዎ ለገበያ የማይሆነው ስብርባሪ ይበቃል። የሻገተ ግን አይሁን። ቁንዶ በርበሬ ካለዎት ቢቀላቅሉበት ይበልጥ ይበረታል። ለወጥ ሲፈለግ ታጥቦ ይሠራል፤ ትንሽ ቢቀርበትም የሚበላ ነገር ነው።

አሁን በእጅዎ ያለውስ? በርበሬ ጥንዚዛዋን ያርቃል እንጂ ሥጋ ውስጥ የገባውን ትል አውጥቶ አይገድልም። ስለዚህ ዱቄት የሆነውን ይጣሉት። ደህናውን አራግፈው በደንብ ያሙቁት፤ ትሉ ሙቀት አይችልም። በክረምት ፀሐይ ስለማይታመን ከምድጃው በላይ ቆጥ ሠርተው፣ ቋንጣው ለእጅ እስኪያቃጥል በእሳትና በጭስ ይያዙት። ሲቀዘቅዝ በርበሬውን ይሹበት። ከዚያ በየ2 ሳምንቱ ጆንያውን ፈትተው ይዩት፤ አንድ ትውልድ ለማደግ ከወር በላይ ስለሚፈጅበት በጊዜ ይደርሱበታል።

ቆዳውን ከዚያ ቤት ዛሬውኑ ያውጡት። አሮጌውን ጆንያ ያቃጥሉት፣ ካልሆነም በፈላ ውኃ ይዘፍዝፉት። ዓሣው የነበረበት መደርደሪያ እንጨት ከሆነ ደግሞ ቀዳዳ ቀዳዳውን እያዩ የፈላ ውኃ ያፍስሱበት። ትሉ ሲያድግ እንጨት በስቶ ይገባና ጥንዚዛ ሆኖ የሚወጣው ከዚያ ነው።