መልስ፦ ካሊፐር ከቀየርኩ በኋላ የፍሬን ፔዳሉ አልጠነክር አለኝ
ወንድሜ፣ የፊት ካሊፐሮቹን (የፍሬን ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫኑትን) ራስህ ቀይረህ፣ ሦስቴ አስተንፍሰህም (አየሩን ከፍሬን ዘይቱ መስመር ለማስወጣት ሞክረህም) ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ነው ብለሃል። መጀመሪያ የማስተንፈሻዋን ብሎን እይ። ከካሊፐሩ ላይኛው ጫፍ መሆን አለባት። ታች ከሆነች ቀኙንና ግራውን አቀያይረህ ገጥመሃል። አየር ወደ ላይ ስለሚሄድ ቀኑን ሙሉ ብታስተነፍስ አይወጣም። እኔም አንድ ቅዳሜ ሙሉ በዚህ ተቃጥያለሁ።

ካስተካከልክ በኋላ ሰው ፔዳሉን ረግጦ ይያዝልህ። አንተ ብሎኑን ክፈት፣ ዝጋ፤ እግሩን የሚያነሳው ከዚያ ነው። ሳትዘጋ ካነሳ አየር መልሶ ይስባል። የፍሬን ዘይቱ እንዳይጎድል በየመሃሉ ሙላ፤ የዘይት መያዣው ክዳን ላይ የተጻፈውን ዓይነት፣ ያልተከፈተ ይሁን። ፔዳሉ ሳይጠነክር ግን መንገድ እንዳትወጣ፣ አደራ።