ቻርተር ትምህርት ቤታችን ተቃውሞ ሲገጥመው ወላጆች ምን እናድርግ?

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። ልጆችሽ የሚማሩበት ቻርተር ትምህርት ቤት (በሕዝብ ገንዘብ የሚሠራ፣ ግን በራሱ ቦርድ የሚተዳደር ማለት ነው) ሁለተኛ ቅርንጫፍ ሊከፍት ሲል የሰፈሩ ተመራጭ ተቃወመ፣ የመምህራን ማኅበሩም ተነሳ፣ እኛ ወላጆች ምን ማድረግ እንችላለን ብለሻል። እኔ እዚሁ ዋሽንግተን ዲሲ ልጆቼን በቻርተር አስተምሬያለሁ። በትምህርት ቤቱ ቦርድም የወላጆች ወኪል ሆኜ ለዓመታት ተቀምጫለሁ። ያየሁትን ልንገርሽ።

መጀመሪያ፣ የሚቃወማችሁን ሁሉ በአንድ ዓይን አትዩት። አንዱ የሚሰጋው ለሰፈሩ ትምህርት ቤት ነው። በጀት የሚመደበው በተማሪ ቁጥር ስለሆነ ልጁ ሲለቅ ገንዘቡም አብሮት ይሄዳል፤ የሕንፃው፣ የማሞቂያውና የጥበቃው ወጪ ግን እዚያው ይቀራል። ይሄ የምር ስጋት ነው፣ አታናንቁት። ሌላው ደግሞ «የሕዝብ ገንዘብ ትወስዳላችሁ፣ ስብሰባችሁን ግን ትዘጋላችሁ» ይላል። ጠዋት ጠዋት መንገዱ በመኪና እንዳይጨናነቅ ብቻ የሚጨነቅም አለ። ለሁሉም አንድ ዓይነት መልስ ከሰጣችሁ ለማንም አልመለሳችሁም። ስለዚህ ወረቀት ከመበተናችሁ በፊት ከተመራጩ ቢሮ ቀጠሮ ያዙና ሄዳችሁ አዳምጡ።

«ውጤታችን ጥሩ ነው፣ ማን ይነካናል» ብለው የሚቀመጡ ትምህርት ቤቶች ብዙ ናቸው። ውጤት ብቻውን አያድንም። ማሳቹሴትስን ተመልከቺ። አመልካች ሲበዛ ቻርተሮች በእጣ ነው የሚቀበሉት፤ በእጣ የገቡና እጣ ያልወጣላቸው ልጆች ሲወዳደሩ የቦስተን ቻርተሮች በጣም ጥሩ ውጤት እንዳላቸው ታይቷል። ሆኖም በ2016 ተጨማሪ ቻርተሮች ይፈቀዱ የሚለው ሐሳብ ለሕዝብ ድምፅ ሲቀርብ 62 በመቶ ያህሉ አይሆንም አለ። ደጋፊዎቹ ገንዘብ አጥተው አይደለም። በየከተማው ያሉ የትምህርት ቦርዶች እየተሰበሰቡ ተቃወሙ፤ ሕዝቡ ጆሮ የገባውም «ከልጄ ትምህርት ቤት ገንዘብ ሊወሰድ ነው» የሚለው ነበር። በዓመቱ ደግሞ ለዘመቻው ብዙ ገንዘብ ያወጣው ድርጅት ለጋሾቹን ደብቋል ተብሎ ከ400 ሺህ ዶላር በላይ ከፈለ። ገንዘቡ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ድጋፍ ባትቀበሉ ይሻላል።

የዋሽንግተን ስቴት (ዲሲ ሳይሆን በምዕራብ ያለው) ቻርተሮች ሌላ መንገድ ሄዱ። በ2015፣ ልጆቹ ትምህርት በጀመሩበት ሰሞን፣ የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሕጉን ሻረው። ምክንያቱ ቻርተሮቹ በሕዝብ በተመረጠ ቦርድ ስለማይተዳደሩ ለመደበኛ ትምህርት ቤቶች የተመደበውን ገንዘብ መጠቀም አይችሉም የሚል ነው። ወላጆችና ተማሪዎች የስቴቱ ዋና ከተማ ኦሎምፒያ ሄደው ሕግ አውጪዎቹን ደጅ ጠኑ። በ2016 ገንዘቡ ከስቴቱ ሎተሪ ገቢ እንዲመጣ የሚያደርግ ሕግ ወጣ። ልብ በይ፣ መልስ ያገኘው ፍርድ ቤቱ ያነሳው ያው ነጥብ ነው።

እኛ ጋ ትልቁ ቅሬታ የግልጽነት ነበር። አሁን በዲሲ የእያንዳንዱ ቻርተር ትምህርት ቤት ቦርድ ስብሰባ ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን ሕግ ያስገድዳል፣ ከ2020 ጀምሮ። የእኛ ቦርድ ግን ሳይቃጠል በቅጠል ብሎ ቀደም አድርጎ በሩን ከፈተ። በጀቱንም በአንድ ገጽ አወጣን፦ ለመምህራን ስንት፣ ለኪራይ ስንት፣ ለአስተዳደር ስንት። ያንን ገጽ በአማርኛና በስፓኒሽ አስተርጉመን በር ላይ ለጠፍነው። ከዚያ ወዲህ «ገንዘቡን ምን ታደርጉታላችሁ» የሚለን ሰው ሲመጣ ወረቀቱን እንሰጠው ነበር።

የከተማው ምክር ቤት (ካውንስሉ) ፊት ደግሞ ዲሬክተሩ ሳይሆን ወላጅ ይናገር። ለአንድ ሰው ሦስት ደቂቃ ነው የሚሰጠው፤ ቀድሞ መመዝገብ ያስፈልጋል። አማርኛ የሚቀናችሁ ካላችሁ አስቀድማችሁ ደውሉና አስተርጓሚ ጠይቁ፣ ዕለቱን አትጠብቁ። አንድ አባት አስታውሳለሁ፣ ከፓርኪንግ ሥራው ዩኒፎርሙን እንደለበሰ የመጣ። «የሰፈራችሁን ትምህርት ቤት ለምን ተዋችሁት?» ብሎ አንድ የካውንስሉ አባል ጠየቀው። «አልተውነውም» አለ። «ትልቋ ልጄ እዚያ ናት፣ ጎበዝ መምህራን አሏት። ትንሹ ግን ንግግር ዘግይቶበት ነበር፣ እዚህ በቀን በቀን የሚረዳው ሰው አገኘ። ሁለቱም ልጆቼ ናቸው።» ጠያቂው ብዕሩን አንስቶ ጻፈ። ከዚያ በፊት የተናገሩት ሁሉ ስለ ፈተና ውጤት ነበር ያወሩት፤ አንድም ማስታወሻ ሲይዝ አላየሁትም። የሰፈሩን ትምህርት ቤት አታጥላሉ የምለው ለዚህ ነው። እዚያም የሚማሩት የጎረቤቶቻችን ልጆች ናቸው። የመምህራን ማኅበሩ አባላትም ቢሆኑ ነገ የልጆችሽ አስተማሪዎች ሊሆኑ ይችላሉ።

አንድ ነገር አደራ። ትምህርት ቤቱ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ከሆነ፣ በዲሲ ደግሞ ሁሉም እንደዚያ ናቸው፣ በፌዴራል የግብር ሕግ ዕጩን መደገፍም መቃወምም አይችልም። ስለ አንድ የሕግ ረቂቅ አስተያየት መስጠት ግን በልኩ ይፈቀዳል። እናንተ ወላጆች በግላችሁ ማንንም መደገፍ መብታችሁ ነው። ብቻ በትምህርት ቤቱ ኢሜይል አትላኩ፣ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ አትሰብሰቡ፣ የልጆቹን ቦርሳ የቅስቀሳ ወረቀት ማመላለሻ አታድርጉት።