ኢሲጂው ደህና ከሆነ ለምን አስተኟቸው?

ጥያቄ፦ አባቴ 63 ዓመታቸው ነው፤ ስኳር አለባቸው። ባለፈው ሳምንት ሌሊት ደረታቸውን ጨምድዶ ያዛቸውና አላባቸው። ጨጓራ መስሎን ተልባ አጠጣናቸው። ሲነጋ ክሊኒክ ስንወስዳቸው ኢሲጂው (የልብ የኤሌክትሪክ ምርመራው) «ደህና ነው» ተባለ፤ ግን አስፒሪን አስኝከው ሆስፒታል ላኳቸው። እዚያም ሞኒተር ላይ አስተኝተው ኢሲጂውንም የደም ምርመራውንም ደጋገሙት። ደህና ከሆኑ ይህ ሁሉ ለምን? (ከለገጣፎ)

መልስ፦ ክሊኒኩ ልክ ሠርቷል፤ የጠረጠረው የልብ ጥቃት (ሃርት አታክ) ነው። ኢሲጂ የሚያሳየው የተነሡባትን ቅጽበት ብቻ ነው። ልብን የሚመግበው የደም ቧንቧ በረጋ ደም ተዘግቶ ሊከፈት፣ መልሶም ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ ሕመሙ ካልተወ በመጀመሪያው ሰዓት በየ15 እስከ 30 ደቂቃው ይደገማል። በደም የሚለካው ትሮፖኒንም ከተጎዳው የልብ ጡንቻ ወጥቶ እስኪታይ ሰዓታት ስለሚፈጅበት ከ3 እስከ 6 ሰዓት ቆይቶ እንደገና ይታያል።

ሞኒተሩ የሚጠብቀው የልብ ምት መዛባትን ነው። በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ልብ መምታቱን ትቶ ሊንቀጠቀጥ ይችላል፤ ያኔ በደቂቃዎች ውስጥ በኤሌክትሪክ ካልተመታ ሰው ይሞታል። ማሽኑ ሲጮህ አስታማሚ ድምፁን አያጥፋ። ብዙ ጊዜ የሚያስጮኸው በላብ የተላቀቀ ተለጣፊ ነው፤ ይህን የሚለየው ግን ታማሚውን አይቶ፣ ምቱን ዳስሶ ያረጋገጠ ባለሙያ ነው።

አስፒሪኑ ባለ81 ሚሊግራም ከሆነ 4 ፍሬ ይታኘካል፤ እንዲሁ ቢዋጥ ሥራው ይዘገያል። አለርጂ ወይም የሚደማ ቁስለት ላለበት አይሰጥም። ደም እንዳይረጋ የሚሰጠው ኤኖክሳፓሪን የሚባለው መርፌ በኪሎ 1 ሚሊግራም ሆኖ በየ12 ሰዓቱ ይወጋል። ክብደት በግምት አይነገር፤ መጠኑ ካለፈ ያደማል። ኩላሊቱ በጣም ለደከመ ደግሞ በቀን አንዴ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ስኳር ያለባቸው ሰዎች ኩላሊታቸው አስቀድሞ ይመረመራል።

ከምላስ ሥር የሚደረገው፣ የደም ቧንቧን የሚያሰፋው ናይትሮግሊሰሪን የላይኛው የደም ግፊት ከ90 በታች ለሆነ አይሰጥም። ቪያግራ በ24 ሰዓት፣ እንደ ቪያግራ ያለው ታዳላፊል በ48 ሰዓት ውስጥ ለወሰደም እንዲሁ፤ ግፊቱን ድንገት ይጥለዋል። አባት ይህን ልጆቻቸው ፊት ላይናገሩ ይችላሉና ሐኪሙ ሲጠይቃቸው ከክፍሉ ወጣ በሉላቸው። ለሕመሙ ተብሎ ዳይክሎፌናክ መወጋት ግን አደጋውን ያብሳል፤ አይሆንም።

የሚያሳስበን እስኪነጋ መጠበቃችሁ ነው። ስኳር ያለበት ሰው የልብ ሕመሙ ደብዘዝ ብሎ ወይም እንደ ጨጓራ ሆኖ ሊሰማው ይችላል። ቧንቧው ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ ደግሞ የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ሕመሙ በጀመረ በ12 ሰዓት ውስጥ ነው፤ ብዙ ጡንቻ የሚተርፈውም በመጀመሪያዎቹ 2 እና 3 ሰዓታት ነው። ዳግመኛ ቢያማቸው ሌሊትም ቢሆን 907 ደውላችሁ አምቡላንስ ጥሩ፤ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች በሙሉ ከነካርቶናቸው ይዛችሁ ሂዱ፤ ሕመሙ የጀመረበትን ሰዓትም ጻፉ።